አምስት መቶ ያልሞላ ጎጥ፦ የሕዝብ ቁጥርና መጓጓዣ በሕንድ ገጠር

ስለ አንድ የሕንድ ገጠር መንደር የሚቀርብ መረጃ፣ በመንግሥት የዲስትሪክት ቆጠራ መጽሐፍ የታተመም ሆነ ከዚያ የተቀዳ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። የነዋሪው ብዛት፣ የቤተሰቡ ቁጥርና የወንድና የሴት ድርሻ ከተዘረዘረ በኋላ የአውቶቡስ ማቆሚያው ምን ያህል እንደሚርቅና የባቡር ጣቢያው የት እንደሚገኝ ይገለጻል። አንባቢው ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሲያያቸው በመካከላቸው ቀጥተኛ ዝምድና እንዳለ አድርጎ መውሰዱ አያስገርምም፤ ሰው የበዛበት መንደር መጓጓዣ ያገኛል፣ ሰው ያነሰበት ይቀርበታል፣ ሕዝቡ ሲጨምር ወይም መንገዱ ሲሠራ ደግሞ ችግሩ ጊዜውን ጠብቆ ይፈታል ብሎ ይደመድማል። ይህ አረዳድ የሕንድን ገጠር በተመለከተ ስሕተት ነው። በሕንድ የአንድ መንደር የሕዝብ ቁጥር የመጓጓዣን ፍላጎት ከማሳየት አልፎ መንገድ ለማን ተሠርቶ ለማን እንደሚቀር የሚወስን የአስተዳደር መሣሪያ ሆኖ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሏል፤ የተቆጠረው መንደርም አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹ ከሚኖሩበት መንደር ጋር አይገጥምም።

ከዚህ በታች የሚቀርበው መከራከሪያ፣ የሕዝብ ቁጥር መንገድ ለማዳረስ ለተነሳ መንግሥት መጀመሪያ ላይ ምክንያታዊ የቅድሚያ መስፈርት እንደነበረ፣ ዛሬ ግን ያው መስፈርት ያረጀ ቆጠራ ተሸክሞ ሲቀጥል እጅግ የተቸገሩትን ሰፈሮች ከወረፋው ውጭ እንደሚያስቀር ያስረዳል። ከዚህም ጋር፣ ጥያቄው በአብዛኛው አካባቢ ከመንገዱ ወደ ተሽከርካሪው የተሸጋገረ በመሆኑ፣ የአንድ መንደር ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘት መለካት ያለበት አንድ ነዋሪ በማለዳ ወጥቶ፣ ጉዳዩን ፈጽሞ፣ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ መመለስ በመቻሉ ነው የሚል አቋም ይይዛል።

የተቆጠረው መንደር የቱ ነው?

በሕንድ የሕዝብ ቆጠራ መንደር የሚባለው በመሠረቱ የመሬት ግብር አስተዳደር የከለለው ቦታ ነው። የቅኝ ግዛት ዘመን የግብር ሹማምንት መሬቱን ቀይሰው፣ ወሰን አበጅተው፣ ለእያንዳንዱ ክልል ስምና መዝገብ ሰጥተው ስለነበር፣ ቆጠራው ዛሬም በአብዛኛው ይህንኑ የግብር መንደር ተከትሎ ይሄዳል። በ2011 በተካሄደው ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ640,000 በላይ መንደሮች ተመዝግበው ሰው የሚኖርባቸው 597,000 ገደማ ሆነው ተገኝተዋል፤ የቀሩት ስምና ወሰን ያላቸው፣ ነገር ግን ጭስ የማይወጣባቸው ናቸው። የገጠሩ ነዋሪ በዚያን ጊዜ 833 ሚሊዮን ያህል ስለነበር፣ ለአንድ መንደር በአማካይ 1,400 ሰው ገደማ ይደርሰዋል። አማካዩ ግን ብዙ አያስረዳም። በደቡቡ የኬረላ ግዛት 17.5 ሚሊዮን የሚጠጋው የገጠር ሕዝብ በ1,018 መንደሮች ብቻ ስለተመዘገበ ለአንድ መንደር 17,000 ሰው ይደርሳል፤ በሂማላያ ግርጌ በሚገኘው በሂማቻል ፕራዴሽ ደግሞ 6.2 ሚሊዮን የሚሆነው የገጠር ሕዝብ ወደ 18,000 በሚጠጉ መንደሮች ተበትኖ ለአንዱ 350 ሰው እንኳ አይሞላም። በኬረላ ጓሮ ከጓሮ ተያይዞ ከተማው የት እንዳበቃና ገጠሩ የት እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል፤ በሂማቻል አንዱ መንደር ከሌላው በገደልና በወንዝ ይለያል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ለቆጣሪው ይመቸው ይሆናል፤ ለመንገድ መሐንዲስና ለአውቶቡስ ባለንብረት ግን ምንም አይነግራቸውም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በአንዱ የግብር መንደር ውስጥ ያለው ልዩነት ነው። አንድ የሕንድ መንደር ብዙውን ጊዜ አንድ ሰፈር ብቻ አይሆንም፤ በቢሃር ቶላ፣ በራጃስታን ዳኒ፣ በማሃራሽትራ ዋዲ ወይም ፓዳ የሚባሉ፣ የኢትዮጵያ አንባቢ ጎጥ ብሎ ቢጠራቸው የማይሳሳትባቸው፣ እርስ በርስ የተራራቁ የቤቶች ስብስቦች አሉት። የጎጦቹ አሰፋፈር በዘፈቀደ የተፈጠረ አይደለም። መሬት ያላቸው ካስቶች፣ ማለትም በትውልድ የተደለደሉ የማኅበረሰብ እርከኖች፣ በመካከለኛው ሰፈር ሲኖሩ፣ ቀድሞ የማይነኩ ይባሉ የነበሩት ዳሊቶች በዳር፣ አዲቫሲ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ደግሞ በጫካና በኮረብታ ላይ በትናንሽ ጎጦች ተሰባጥረው ይኖራሉ። ትምህርት ቤቱ፣ ፓንቻያት የሚባለው የመንደር ምክር ቤት ጽሕፈት ቤትና የሱቆቹ ረድፍ ያሉት በመካከለኛው ሰፈር በመሆኑ፣ መንገዱም ሲመጣ እዚያ ደርሶ ይቆማል። በቆጠራው መጽሐፍ ላይ መንደሩ መንገድ አለው ተብሎ ይመዘገባል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር የጭቃ መንገድ የሚቀረው የዳሊቶች ጎጥም በዚያው ምዝገባ መንገድ ካገኙት ጋር ይቆጠራል።

ርቀቱም የሚገለጽበት መንገድ እንዲሁ ሸካራ ነው። የዲስትሪክቱ መጽሐፍ አንድ አገልግሎት በመንደሩ ውስጥ ከሌለ በአቅራቢያው የሚገኘው ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ከ5 እስከ 10፣ ወይም ከ10 በላይ እንደሚርቅ በሦስት ምልክቶች ይለያል። አራት ኪሎ ሜትር በደረቅ ሜዳ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ያው አራት ኪሎ ሜትር በሐምሌና ነሐሴ የሞንሱን ዝናብ ጊዜ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ተሻግሮ ከሆነ፣ የሚደረስበት ቀን አይታወቅም። በቢሃር ጋያ ዲስትሪክት የጌህላውር ነዋሪ የነበረው ዳሽራት ማንጂ ከ1960 እስከ 1982 በመዶሻና በመሮ ኮረብታ ፈልፍሎ ያወጣው መተላለፊያ በአትሪና በዋዚርጋንጅ መካከል የነበረውን የ55 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ጥምጥም ወደ 15 ኪሎ ሜትር እንዳሳጠረው ይነገራል። የመንደሩ የሕዝብ ቁጥርም ሆነ በካርታ ላይ ያለው ቀጥተኛ ርቀት በዚያ ኮረብታ ማዶና ወዲህ ባለው ሕይወት መካከል የነበረውን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም ነበር።

500፣ 250፣ 100

ቁጥሩ የመንገድ ዕጣ መወሰኛ የሆነው ዲሴምበር 25 ቀን 2000፣ በአታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ መንግሥት፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ መርሐ ግብር (ፕራዳን ማንትሪ ግራም ሳዳክ ዮጅና) ሲጀመር ነው። በዚያን ጊዜ በይፋ ከሚቆጠሩት 825,000 ገደማ ጎጦች ውስጥ 330,000 የሚሆኑት ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ አልነበራቸውም። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ሲባል የግድ አስፋልት ማለት አይደለም፤ ዝናብ እንዳያጠፋው ተደርጎ የተሞላ፣ ጅረት በሚያቋርጠው ቦታ ሁሉ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ወይም ድልድይ ያለው፣ ዓመቱን በሙሉ መኪና የሚያልፍበት መንገድ ማለት ነው። መርሐ ግብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መለኪያውን ከግብር መንደር ወደ ጎጥ ማውረዱ ከላይ የተገለጸውን ችግር መንግሥት ራሱ እንደተረዳው ያሳያል። ቅደም ተከተሉንም በቁጥር ወለል አበጀው፤ መጀመሪያ 1,000 ነዋሪና ከዚያ በላይ ያላቸው ጎጦች፣ ቀጥሎ 500 የሞሉት፣ በተራራማ፣ በበረሃማና በአዲቫሲ አካባቢዎች ደግሞ 250 የሞሉት እንዲያገኙ ተወሰነ። ከ500 ሜትር በላይ ከመንገድ ያልራቀ ጎጥ እንደተገናኘ ይቆጠራል፤ በተራራ አካባቢ ይህ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ነው። ጎረቤታሞች የሆኑ ትናንሽ ጎጦችም በዚያው ርቀት ውስጥ ከሆኑ ቁጥራቸው ተደምሮ ወለሉን እንዲያልፉ ይፈቀድላቸዋል።

ይህን ሥርዓት የሚደግፉት ወገኖች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ከዚያ በፊት የገጠር መንገድ የሚሄደው የግዛት ምክር ቤት አባሉ ወደ ተወለደበት ወይም ድምፅ ወደሚጠብቅበት ስፍራ ነበር፤ ቁጥር ግን የሚታይ፣ የሚቆጠርና ገበሬው ራሱ ሊከራከርበት የሚችል ነገር ነው። ገንዘብ ውስን በሆነበት አገር በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ የሚጠቀመው ሰው በዛ ያለበትን ማስቀደምም አያስነቅፍም። 499 ነዋሪ ያለው ጎጥ ተከልክሎ 501 ያለው መፈቀዱ ኢፍትሐዊ ነው የሚለው የተለመደ ተቃውሞም ደካማ ነው፤ የትኛውም መስመር በሁለቱም ወገን ጎረቤቶች ይኖሩታልና።

የወለሉ እውነተኛ ጉድለት ያለው የትንሽነትና የድህነት ካርታ አንድ ላይ በመገኘቱ ነው። ተበትኖ በትንሽ ጎጥ የሚኖረው በአብዛኛው አዲቫሲው፣ ዳሊቱና የተራራው ሰው ስለሆነ፣ በጎጥ መጠን የተሰመረ መስመር ሳይታሰብበት በማኅበረሰብ የተሰመረ መስመር ይሆናል። መንግሥት ወለሉን ለተራራና ለአዲቫሲ አካባቢ ወደ 250 ዝቅ ማድረጉ ይህን ማመኑ ነው፤ ማሻሻያው ግን በሜዳው ክፍል በዳር ሰፈር ለሚኖረው ዳሊት ምንም አልጨመረለትም። ከዚያ በኋላ ማኦይስት አማፅያን በሚንቀሳቀሱባቸው አካባቢዎች ወለሉ እስከ 100 ሰው ወረደ። እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ጠመንጃ በተነሳበት ጫካ 120 ሰው ያለው ጎጥ ለመንገድ ሲበቃ፣ በሰላማዊው ሜዳ 450 ሰው ያለው ጎጥ የማይበቃ ከሆነ፣ መስፈርቱ የነዋሪውን ችግር ትቶ የመንግሥትን የጸጥታ ፍላጎት መለካት ጀምሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቁጥሩ ዕድሜ ነው። በ2021 ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከተላለፈ በኋላ ለዓመታት ሲንከባለል በመቆየቱ፣ በሴፕቴምበር 2024 የጸደቀው የመርሐ ግብሩ አራተኛ ምዕራፍ፣ 25,000 ያልተገናኙ ጎጦችን በ62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ለማገናኘት ያቀደው፣ መስፈርቱን የሚለካው በ2011 ቆጠራ ነው። የገጠሩ ሕዝብ ከ2001 እስከ 2011 በ12 በመቶ ገደማ አድጓል፤ በ2011 460 ነዋሪ የነበረው የሜዳ ጎጥ በዚያው ፍጥነት ቢያድግ በአሥር ዓመት 515 ገደማ ይደርሳል፤ በወረቀት ላይ ግን ዛሬም 460 ነው። በተቃራኒው ወጣቱ ወደ ከተማ የወጣበትና ግማሹ ቤት የተዘጋበት ጎጥ የድሮውን ቁጥር ይዞ ወረፋው ውስጥ ይቆያል። ይህ የመዝገብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መርሐ ግብሩን ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ ለጥናታቸው የመረጡት የአጠቃላይ ቆጠራውን ቁጥር ነበር፤ ምክንያቱም በመርሐ ግብሩ መዝገብ ላይ ያሉት የጎጥ ቁጥሮች ወለሉን እንዲያልፉ የተስተካከሉ ይመስሉ ነበር፤ መስፈርቱን በአግባቡ የተከተሉ ሆነው ያገኟቸውም ስድስት ግዛቶችን ነው። ሌላ በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ በምርጫ ያሸነፈ የግዛት ምክር ቤት አባል ካለው የቤተሰብ ስም ጋር አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ተቋራጮች ድርሻ ከምርጫው በኋላ እንደሚጨምር፣ እንዲህ ባሉ ውሎች ደግሞ በወረቀት የተጠናቀቀ መንገድ በመሬት ላይ የመጥፋቱ ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቁጥር አድልዎን ያስቀራል የሚለው መከራከሪያ እውነትነት ቢኖረውም፣ አድልዎው መንገዱ የት ይሠራ ከሚለው ማን ይሥራው ወደሚለው ጥያቄ መሸጋገሩን መዘንጋት አይገባም።

ጥቁሩ መንገድ ደረሰ፤ መኪናውስ?

ይህ ሁሉ ጉድለት ቢኖርም መርሐ ግብሩ ከ700,000 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አስገንብቷል፤ በታሪክ ከታዩት የገጠር መንገድ ሥራዎች መካከል በስፋቱ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ግን መንገድንና መጓጓዣን አንድ አድርጎ የመቁጠር ስሕተት ይመጣል። መርሐ ግብሩ በመነሻው ለአንድ ጎጥ አንድ መንገድ ብቻ የሚል ደንብ ነበረው፤ ጎጡ በአንድ በኩል ከተገናኘ ሥራው አልቋል። ገንዘቡን ለብዙ ጎጥ ለማዳረስ ይህ ትክክል ነበር፤ ውጤቱ ግን ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወጥተው በአንድ ጎጥ ላይ የሚያበቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ጭራ መንገዶች መፈጠራቸው ሆነ። የመንገዱ ጥቁር ክፍል ስፋት 3.75 ሜትር፣ ትራፊክ ያነሰበት ከሆነ 3 ሜትር ብቻ ነው። አንድ አውቶቡስ በእንዲህ ያለ ጭራ መንገድ ገብቶ፣ መታጠፊያ ፈልጎ፣ በዚያው መንገድ ተመልሶ ለመውጣት የሚያጠፋው ነዳጅና ጊዜ ከሚጭነው ተሳፋሪ ክፍያ ይበልጣል።

የሕዝብ ቁጥር ብቻውን መጓጓዣን የማይወስንበት ምክንያትም ይኸው ነው። በሁለት ከተሞች መካከል በሚያልፍ መንገድ ዳር ያለ 300 ሰው የሚኖርበት መንደር፣ የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ እጁን ላነሳ ስለሚቆምለት፣ ቀኑን ሙሉ መጓጓዣ አያጣም፤ በጭራ መንገድ ጫፍ ያለ 3,000 ሰው የሚኖርበት መንደር ግን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ካገኘ ደስተኛ ነው። የገጠሩ ተጓዥ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ይወጣል፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመለሳል፤ ተማሪው፣ ወተት የሚያደርሰው ገበሬ፣ የቀን ሠራተኛውና ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ሁሉም ማለዳን ይፈልጋሉ፤ እኩለ ቀን ላይ አውቶቡሱ ባዶውን ይመላለሳል። በማሃራሽትራ የግዛቱ የትራንስፖርት ድርጅት አውቶቡሶች ማታ መንደር ገብተው፣ ሾፌሩና ረዳቱ እዚያው አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ተማሪና ነጋዴ ጭነው የሚወጡበት የቆየ አሠራር ይህን የጊዜ ጥያቄ በብልሃት የፈታ ነበር። እንዲህ ያለው ስምሪት ግን የድርጅቱ ኪሳራ ሲበዛ መጀመሪያ ከሚታጠፉት አንዱ ነው።

ባዶውን ቦታ የሚሞሉት የጋራ ጂፖች፣ ቴምፖ የሚባሉት አነስተኛ ጭነት ተሽከርካሪዎችና አውቶ የሚባሉት ባለ ሦስት እግሮች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹን የኢትዮጵያ አንባቢ በሕንዱ ፋብሪካ ስም ባጃጅ ብሎ ያውቃቸዋል። ብዙዎቹ በሕግ ጥላ ሥር አይደሉም። በ1988 የወጣው የሞተር ተሽከርካሪዎች ሕግ ሁለት ዓይነት የሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ ይለያል፤ አንዱ በመንገዱ ላይ ተሳፋሪ እያወጣና እያስገባ ከእያንዳንዱ ሒሳብ የሚቀበል፣ ሌላው ለአንድ ተከራይ በሙሉ የሚኮናተር ነው። የገጠሩ ጂፕ የሁለተኛውን ፈቃድ ይዞ የመጀመሪያውን ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህም ከፖሊስና ከተቆጣጣሪ ጋር በየኬላው እየተደራደረ፣ ትርፍ ጭኖ፣ እስኪሞላም ቆሞ ጠብቆ ይሄዳል። እስኪሞላ የሚጠብቅ ተሽከርካሪ ደግሞ ለታመመ ሰውና በሰዓት ትምህርት ቤት መድረስ ላለባት ልጅ አይሆንም። ሆኖም እነዚህን ተሽከርካሪዎች ሕገወጥ ብሎ ማሳደድ ያለውን ብቸኛ አገልግሎት ማጥፋት ስለሚሆን፣ ከቅጣት ይልቅ ለእነርሱ የሚስማማ የፈቃድ ዓይነት ማበጀት የተሻለ ነው። ቢሃር በ2018 በየፓንቻያቱ ላሉ የተገለሉ ማኅበረሰቦች ወጣቶች የመንገደኛ ተሽከርካሪ መግዣ እስከ 100,000 ሩፒ ድጎማ መስጠት መጀመሯ ቢያንስ ጥያቄውን ከመንገድ ወደ ተሽከርካሪ ማዞሯን ያሳያል።

የግል ተሽከርካሪ መስፋፋት ችግሩን ያቃልላል ብለው የሚያምኑም አሉ። በ2011 ከገጠር ቤተሰቦች 46 በመቶው ብስክሌት፣ 14 በመቶው ሞተር ሳይክል ወይም ስኩተር፣ 2 በመቶ ገደማው ብቻ መኪና ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳይክል በገጠሩ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ነገር ግን ሞተር ሳይክሉ የቤቱ ሳይሆን የቤቱ ወንድ ነው። ሒሳብ መክፈል የሚችለው ወጣት ወንድ ከአውቶቡሱ ሲወጣ፣ የሚቀሩት ሴቶች፣ ተማሪዎችና አረጋውያን ስለሚሆኑ የመስመሩ ገቢ ይወድቃል፣ ቀጥሎም ስምሪቱ ይቀነሳል። ብስክሌት ለሴት ልጅ ሲሰጥ የሚሆነውን ቢሃር አሳይታለች፤ በ2006 በተጀመረው መርሐ ግብር ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ ሲሰጥ፣ ካርቲክ ሙራሊዳራንና ኒሺት ፕራካሽ እንዳጠኑት፣ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ ጨምሯል፤ በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነትም በ40 በመቶ ጠቧል፤ ለውጡ የጎላውም ከትምህርት ቤት ራቅ ባሉት መንደሮች ነው። ለዚህ አዲስ መንገድ መሥራትም ሆነ የነዋሪ መጨመር አላስፈለገም።

ታሚል ናዱ በ2021፣ ካርናታካና ቴላንጋና በ2023 ሴቶች በግዛቱ ተራ አውቶቡሶች በነጻ እንዲጓዙ መፍቀዳቸውም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። እርምጃው ለቀን ሠራተኛዋ ሴት እውነተኛ ጥቅም ነው። ድጎማው ግን የሚፈሰው አውቶቡስ ባለበት መንገድ ብቻ ነው፤ አውቶቡስ የማይደርስባት ጎጥ ሴት ዋናው መንገድ እስክትደርስ ለጋራ ጂፑ ከፍላ ነጻውን ጉዞ ከዚያ ትጀምራለች።

መንገድ መንደርን ያፈርሳል?

ከላይ ለቀረበው ሐሳብ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ከምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይመጣል። በ1999 ሸንገን ፋን፣ ፒተር ሄዘልና ሱካዴኦ ቶራት ባወጡት ጥናት ለገጠር መንገድ የሚወጣ የመንግሥት ገንዘብ ከሌሎች ወጪዎች ሁሉ ይበልጥ ድህነትን እንደሚቀንስ ተደምድሞ ነበር። አሸርና ኖቮሳድ በ2020 ባሳተሙት ጥናት ግን ይህ ተስፋ ቀዝቅዟል፤ ከወለሉ ትንሽ ከፍና ትንሽ ዝቅ ያሉ መንደሮችን አነጻጽረው፣ መንገዱ ከተሠራ ከአራት ዓመት በኋላ በእርሻ ምርት፣ በገቢና በንብረት ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላገኙም። ያገኙት ዋና ለውጥ ሠራተኞች ከእርሻ ወጥተው ሌላ ሥራ መያዛቸውን ነው። ከዚህ ተነስተው ገንዘቡ ለሌላ ቢውል ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። ይህ ድምዳሜ ግን የጥናቱን ሁለተኛ ግማሽ ያላነበበ ነው። መንደሩ ውስጥ ያለው ማሳ ባይሻሻልም፣ ማሳ የሌለው ሰው በማለዳ ወጥቶ በግንባታ ቦታ ሠርቶ ማታ መመለስ መቻሉ፣ መንገዱ የሚሠራው ሥራ ዕቃ ከማጓጓዝ ይልቅ ሰው ማጓጓዝ እንደሆነ ያሳያል፤ ስለዚህ ጥናቱ ከመንገዱ በተጨማሪ ስለ ተሽከርካሪው እንድናስብ የሚያስገድድ ማስረጃ ነው። በትምህርት ላይ የተደረጉት ጥናቶች እርስ በርስ አለመስማማታቸውም አስተማሪ ነው፤ አንዱ መንገድ ያገኙ መንደሮች ልጆች በትምህርት እንደሚቆዩ ሲያሳይ፣ ሌላው ከፍ ያሉት ታዳጊዎች ሥራ ስለሚያገኙ ትምህርት እንደሚያቋርጡ ያሳያል። መንገዱ ወደ ምን እንደሚያደርስ ካልታወቀ ውጤቱም አይታወቅም፤ በ2019 የተጀመረው ሦስተኛ ምዕራፍ ጭራ መንገድ ከመቀጠል ይልቅ ገበያን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትንና ሆስፒታልን የሚያገናኙ አሳላጭ መስመሮች ላይ ማተኮሩ ለዚህ ነው ትክክል የሚሆነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተራራው ይመጣል። በሂማላያዋ ግዛት በኡታራካንድ የ2011 ቆጠራ ከ1,000 በላይ ሰው አልባ መንደሮችን ሲመዘግብ፣ የአልሞራና የፓውሪ ጋርዋል ዲስትሪክቶች ሕዝብ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው አንሶ ተገኘ። የግዛቱ የፍልሰት ኮሚሽን በ2018 ባወጣው ዘገባ ከ2011 ወዲህ ሌሎች 734 መንደሮች ሰው እንደለቀቃቸው ገልጿል። ብዙ የአካባቢው ሰዎች መንገዱ የመጣው ሰዉን ሊወስድ ነው ይላሉ፤ የቤት ዕቃ የጫነው የጭነት መኪና የወጣውም በዚያው መንገድ ነውና። ምሬቱ የሚገባ ነው፤ ከመንገዱ በፊት የወጣው ሰው ግን ተረስቷል። የኡታራካንድ ወንዶች ለውትድርናና ለከተማ ሥራ ሲወጡ የኖሩት መንገድ ሳይኖር ነው፤ አዲሱ ነገር መንገዱ ቤተሰቡን አብሮ ማውጣት ማቅለሉ ነው። ጥያቄው ሰው ይውጣ አይውጣ ከሚለው ይልቅ መውጣቱ በየዕለቱ ይሁን ወይስ ለዘለቄታው የሚለው ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለ ከተማ ደርሶ መመለስ የሚያስችል የጠዋትና የማታ አገልግሎት ያለው ቤተሰብ ልጁን ለማስተማር ቤቱን ዘግቶ ወደ ግዛቱ ትልቅ ከተማ ወደ ደህራዱን መሄድ ላያስፈልገው ይችላል፤ መንገድ ብቻ ያለውና አውቶቡስ የሌለው ግን የሚጠቀምበት አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ ብቻ ነው።

ከ2027 ቆጠራ በፊት

ቀጣዩ ቆጠራ ማርች 1 ቀን 2027ን፣ በረዶ በሚዘጋቸው አካባቢዎች ደግሞ ኦክቶበር 1 ቀን 2026ን መነሻ አድርጎ እንዲካሄድ ተወስኗል። ቁጥሩ ሲታደስ ከ2011 ወዲህ ወለሉን ያለፉት ጎጦች ወረፋው ውስጥ መግባታቸው አይቀርም፤ አራተኛው ምዕራፍም እስከ 2028/29 በጀት ዓመት ስለሚዘልቅ፣ አዲሱ ቁጥር እንደወጣ ዝርዝሩን ለመከለስ የሚያስችል ጊዜ ይኖራል። ይህ መደረግ ያለበት ቢሆንም በቂ አይደለም። የዲስትሪክቱ መጽሐፍ አውቶቡስ አለ ወይስ የለም ብሎ ከመጠየቅ አልፎ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣና የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቢመዘግብ፣ ምዝገባውም በግብር መንደር ሳይሆን በጎጥ ቢሆን፣ እስካሁን ተደብቆ የኖረው ልዩነት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታይ ነበር።

የሚከብደው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ከ2015 ወዲህ ለመንገዱ የሚወጣውን ወጪ ማዕከላዊው መንግሥትና ግዛቶቹ በአብዛኛው 60 በ40 ይጋራሉ፤ ተቋራጩም መንገዱን ካስረከበ በኋላ ለአምስት ዓመት የመጠገን ግዴታ አለበት። በዚያ መንገድ ላይ ለሚሄደው ተሽከርካሪ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ወጪ የለም፤ ሸክሙ በከሳሪዎቹ የግዛት የትራንስፖርት ድርጅቶች ወይም በጂፑ ባለቤት ላይ ወድቋል። የበጀት ሰዎች ባዶ አውቶቡስ መደጎም ማባከን ነው ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ አውቶቡስ ከሆነ ተቃውሟቸው ትክክል ነው። የሚጠየቀው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ መንገድ ለተሠራለት ጎጥ ሁሉ ማለዳ አንድ መውጫ፣ ማታ አንድ መመለሻ፣ በሳምንታዊው የገበያ ቀን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዞ። ይህን ጉዞ ለአካባቢው ጂፕ ወይም ሚኒባስ ባለቤት በኪሎ ሜትር ሒሳብ በውል መስጠትና ክፍያውን ከጥገና ገንዘቡ ጋር በአንድ የአምስት ዓመት ውል ማሰር ይቻላል፤ ተቋራጩ ጉድጓዱን እንዲደፍን የሚከፈለው ያህል ባለጂፑ በሰዓቱ እንዲነሳ ይከፈለዋል፤ ፓንቻያቱም ሁለቱንም ይፈርማል።